ያርጋል ከጎንደር ይዞት የመጣው ኮሮና

ያርጋል የልጄ ልጅ ነው። ደባርቅ ላይ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ባለው የሰይፈ ሥላሴ ጋራዥ መካኒክ ነው። ቀጭን ነው፤ ሲራመድ ወደ ግራው ዘንበል ይላል። በግራ ኪሱ ከባድ መፍቻ የያዘ ይመስላል፤ አብዛኛውን ጊዜም ይዟል። በከተማችን ስሙ ከተነሣ አንድ ወሬ አብሮ ይነሣል። ወሬው ያስቃል። እኔም ባለሁበት ተወርቶ ሰው ሲስቅ አይቻለሁ፤ የቱ ጋ እንደሚሳቅም አውቃለሁ። ግን ወሬው ከመሃል ተቆርጦ ነው የሚወራው፤ ፊቱም ኋላውም የለም።

እናቱ የትናየት ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዳ በወባ ሞተችብን። እሱ ያን ጊዜ ጡት መጣሉ ነበር። እኔና ባለቤቴ ሃብተ ጊዮርጊስ አሳደግነው። አሳደግነው እላለሁ እንጂ ቀኑን ሙሉ የሚውለው ግቢያችን ውስጥ አጥር ሥር በቆመችው መኪና ውስጥ ነበር።

መኪናዋ ቢጫ ናት፤ ሁለት በር ያላት፣ ትንሽ፣ የጣሊያን ሥሪት። በሮቿ ላይ በነጭ ክብ ውስጥ ቁጥር ተጽፎባታል። መሬት ተጠግታ ስለምትሮጥ ሃብተ ጊዮርጊስ "ቆቂት" ይሏታል። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ የመኪና እሽቅድምድም በዚህ በኩል ያልፍ ነበር፤ ሊማሊሞን ከታች ወደ ላይ ወጥተው ወደ ጎንደር ይሄዳሉ። ባለቤቴ ያን ጊዜ መንገድ ጠጋኝ ነበሩ፤ ናዳ ሲወርድ በአካፋ ይጠርጋሉ፣ ዐለት ሲያስቸግር በድማሚት ያፈርሳሉ። ቆቂት ከሊማሊሞ መታጠፊያዎች አንዱ ላይ ስትደርስ ከኋላዋ ድንጋይ የተሰበረ የሚመስል ድምፅ ተሰማና ቆመች። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይዞርም። ነጂው የአዲስ አበባ ሰው ነበር፤ በጀርባው ተኝቶ ከሥር አየና "ዲፈረንሻሉ ሄዷል" አለ። በጭነት መኪና አስጎትተው እኛ ግቢ አደረሷት። ሰውየው "ዕቃ ይዤ እመለሳለሁ፤ አደራ" ብሎ ሄደ። ወዲያው አብዮቱ መጣ። ሰውየው አልተመለሰም፤ መኖሩንም መሞቱንም የነገረን የለም።

አደራ ስለሆነች ሃብተ ጊዮርጊስ አልሸጧትም። ለብረቷ የመጡ ነበሩ፤ አልሰጡም። ጎማዋን ለጋሪ የለመናቸው ነበር፤ አልሰጡም። ዶሮ ከኋላ ወንበር ገብታ ስትታቀፍ ግን ዝም አሉ። በኋላ ጎረቤታችን አመተ ማርያም ቤት ሠርታ ስታጥር የመኪናዋ መውጫ በእሷ አጥር ተዘጋ።

"አመተ ማርያም፣ መኪናዋ በየት ትውጣ?" አሏት።

"ጋሼ፣ እሷ መች ትሄድና?"

"የሄደች ቀንስ?"

"የሄደች ቀን በገዛ እጄ አፈርሰዋለሁ!" ብላ ከት ብላ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። "ሰምተሻል" አሉኝ ወደ እኔ ዞረው።

ያርጋል አንደኛ ክፍል ሲገባ እኔም አብሬው ፊደል ቆጠርኩ። ሰሌዳችን የቆቂት መስታወት ነበር፤ አቧራው ላይ በጣቱ ይጽፍና "ይቺ ማን ናት እምዬ?" ይለኛል። ሲመሽ እሱ ከመኪናዋ አይወርድም፤ "ለምን አትሄድም?" እያለ አያቱን ያደክማቸዋል። እሳቸውም በሬ ጠምደው ያደጉ ናቸውና በበሬ አስረዱት።

"ሁለት በሬ ከማሳው ዳር ሲዞር የውጭኛው ብዙ ይራመዳል፣ የውስጠኛው ጥቂት። አይደል?"

"አዎ።"

"የመኪናም ጎማ እንዲሁ ነው። መታጠፊያ ላይ አንዱ ረጅም ይሄዳል፣ ሌላው አጭር። የሞተሩን ጉልበት ተቀብሎ ለሁለቱ እንደየእርምጃቸው የሚያካፍል ብረት ከኋላ አለ። እሱ ነው የተሰበረው።"

"እኔ እጠግነዋለሁ" አለ ያርጋል። ሰው ልጅ ሆኖ ብዙ ይላል። እሱ ግን ስምንተኛን እንደጨረሰ ወደ ሰይፈ ሥላሴ ጋራዥ ሄደና አልተመለሰም። መጀመሪያ ጎማ ፈታ፤ ቀጥሎ የጭነት መኪና ፍሬን፤ ኋላ ጎብኚ ይዘው ተራራው ላይ ወደ ጨነቅ የሚወጡት መኪኖች ሲበላሹ የሚጠሩት እሱን ሆነ። አንድ ልማድ ነበረው። የጠገናትን መኪና ሊማሊሞን አውርዶ ያወጣታል፣ አፋፉ ላይ ሲደርስ ለአያቱ ይደውላል። ሃብተ ጊዮርጊስን ድማሚቱ ጆሯቸውን ወስዶባቸው ነበርና እየጮኸ ነው የሚያወራቸው። "አባባ! ወጣች!" ይላል። "ወጣች?" ይላሉ። "ወጣች!" ሌላ ወሬ የላቸውም፤ ይዘጉታል። ስልክ የገዛላቸው ለዚህ ብቻ ነው ብል ውሸት አይሆንብኝም።

በሁለት ሺህ ዐሥራ ሁለት ያ በሽታ መጣ ተባለ። ጎብኚ ጠፋ፣ ጋራዡ ጭር አለ። በዚያው ሰሞን ሃብተ ጊዮርጊስ እግራቸው አበጠ፣ ትንፋሽ አጠራቸው። ጎንደር ያያቸው ሐኪም "ቤታቸው ይሁኑ" ብሎ መለሰን። ምን ማለቱ እንደሆነ ሦስታችንም ገባን። ቤት ገብተው ጋቢያቸውን ተከናንበው ጥቂት ከቆዩ በኋላ፣

"ቆቂት ያቺን መታጠፊያ ስትወጣ ውስጧ ብቀመጥ" አሉ።

"ድምጿን እንኳ አይሰሙት አባባ" አላቸው ያርጋል፤ ሊያስቃቸው ፈልጎ ነው።

"ወንበሩ ይነግረኛል።"

"እንግዲያው አወርድዎታለሁ፤ አወጣዎታለሁም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያርጋል ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። አያቱ በሕይወት ሳሉ ያቺን መኪና ሊማሊሞን አውርዶ ማውጣት ነው።

ዲፈረንሻሉን ፈትቶ አወረደው። ከኋላ ጎማዎቹ መሃል ያለ፣ ዱባ የሚያህል ብረት ነው። ዘይቱ እንደ ዝፍት ጠቁሮ ረግቶ ከሥሩ የተሰበሩ ጥርሶች ወጡ። ውስጡ አንድ ትልቅ ጥርሳም ቀለበት አለ፤ እሱን የሚያዞር ትንሽ ጥርሳም ብረት አለ። መካኒኮቹ ከጣሊያን በቀረ አጠራር ትልቁን ኮሮና፣ ትንሹን ፒኞ ይሏቸዋል። ያርጋል ኮሮናውን አጥቦ አልጋው ላይ አመጣላቸው። ሃብተ ጊዮርጊስ በጣታቸው ዙሪያውን ዳበሱት።

"ይሄ እንኳን ከእኔ አፍ የተሻለ ጥርስ አለው" አሉ።

"ሌላ እፈልግለታለሁ።"

"ሌላ አግኝተህ ብትገጥመውም ይሰበራል። ጥፋቱ የጥርሱ አይደለም፤ ጥርሱን ያቀፈው የብረቱ ቤት ነው። አቀበት ላይ ጉልበት ሲበዛበት ቤቱ ይለጠጣል፣ ሁለቱ ይራራቃሉ፣ ጫፍ ለጫፍ ይናከሳሉ። መጀመሪያ ቤቱን አጠንክረው።"

ያርጋልም ያሰበው ይህንኑ ነበር። ከአሮጌ ጭነት መኪና ወገብ ላይ ወፍራም ብረት ቆርጦ አዘጋጀ፤ በቤቱ ጀርባ ላይ ሊበይደው ነው። ኩሽኔታውን ከሰይፈ ሥላሴ ዕቃ መሃል አገኘ። የሚተካው ኮሮና ብቻ ጠፋ። ስንት ቦታ እንደደወለ አላውቅም። በመጨረሻ ጎንደር አንድ የሞተ ባለ ታክሲ ቤት የዚያው ዓይነት መኪና አለ ተባለና ግንቦት ላይ ማለዳ በአውቶቡስ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጠራ። እኔ ድምፁን ከፍ አድርጌ ለባለቤቴ ጆሮ አጠገብ ያዝኩላቸው።

"ሃሎ! አባባ!"

"ማን ነህ?"

"ያርጋል ነኝ!"

"ያርጋል የለም፤ ጎንደር ሄዷል" አሉ።

"እኔው ነኝ! አውቶቡስ ውስጥ ነኝ፣ እየመጣሁ ነው! ኮሮናውን አገኘሁት!"

"ምን አገኘህ?"

"ኮሮና! ኮሮና ይዤ እየመጣሁ ነው!"

ከስልኩ ውስጥ ይሰማ የነበረው የተሳፋሪ ጫጫታ ቀጥ አለ። ሞተሩ ብቻ ቀረ።

"ከማን አገኘኸው?"

"ከባለ ታክሲው! ሰውየው ሞቷል፣ ሚስቱ ናት የሰጠችኝ!"

"እንዴት ነው ታዲያ?"

"ኃይለኛ ነው አባባ! እስካሁን እንዲህ ዓይነት አላየሁም! ይኸው ጭኔ ላይ ነው!"

"ወራጅ!" የሚል የሴት ጩኸት መጣ። "ወራጅ አለ! ሹፌር፣ በማርያም ይዤሃለሁ አቁም!" ድምጿን ለየሁት፤ አመተ ማርያም ናት። ጎንደር እህቷን ልትጠይቅ ሄዳ ነበር።

"መስኮት ክፈቱ!" አለ አንድ ወንድ።

"ዝጉ እንጂ! ነፋስ ነው የሚያሰራጨው!"

"አባ፣ ጸሎት ያድርጉልን እንጂ!"

"እኔም ወራጅ ነኝ" አሉ ቄስ ይሁኑ ማን እንጃ።

"ኧረ ስሙኝ! የመኪና ነው! ኮሮናው የመኪና ነው!" ይላል ያርጋል።

"ወይ ጉድ፣ ወደ መኪናም ተሻገረ?"

"እሱን ማንም እንዳይነካው! ዳባት እናስረክበዋለን!" አለ ረዳቱ።

ሃብተ ጊዮርጊስ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። "ምን ይላሉ?"

"ወራጅ አለ ነው የሚሉት" አልኳቸው።

ስልኩ ተቋረጠ።

"ፒኞውንስ?" አሉ። "ፒኞውን ሳልጠይቀው።"

እዚህ ድረስ ነው ሰው የሚያወራው።

ማታ አንዲት ነርስ ከዳባት ደወለችልኝ። ስጦታ እባላለሁ አለች፤ ድምፅዋ የልጅ ነው፣ የደከመ። "እናቴ፣ ዕቃውን አይቼዋለሁ፤ ብረት ነው። ነገሩ ገብቶኛል። ግን ተሳፋሪው ሁሉ 'በአፉ አለብኝ ብሏል' ብሎ ፈርሟል። ናሙና ወስደናል፤ ውጤቱ ከጎንደር ሳይመጣ ብለቀው እኔን ይጠይቁኛል። ቶሎ ይመጣል፣ አይዞዎት።" ያርጋልን ማቆያ በሆነ አንድ ትምህርት ቤት አስገቡት። ኮሮናውንና ፒኞውን በበረኪና አጥበው፣ በላስቲክ ጠቅልለው አጠገቡ አስቀመጡለት።

ስለ ራሱ ምንም አላለኝም። "እምዬ፣ በረኪና ብረት ያዝጋል" አለኝ። ከሚያመጡለት ወጥ ላይ ዘይቱን በጣቱ እየጠረገ ጥርሶቹን አንድ በአንድ እንደሚቀባ ነገረኝ። ወጡንስ ይበላው እንደሆነ ጠየቅሁት። "እበላለሁ" አለ።

አውቶቡሱ ግን ተሳፋሪውን ይዞ በዚያው ቀን ደባርቅ ገብቶ ነበር። ወሬው አብሮ ገባ። ያርጋል ኮሮና አለበት፤ ያርጋል እዚያ ቤት ነው የሚያድር፤ ሽማግሌውም ትንፋሽ አጥሯቸው ተኝተዋል፤ ታዲያ ምን ቀረ? በማግስቱ ጠያቂ አልመጣም። በሦስተኛው ቀን የውኃ ጀሪካኔን የምትሞላልኝ ልጅ ከበር ውጭ አስቀምጣው ሮጠች። ከዚያ ወዲህ የእግር ድምፅ በደጃችን ሲያልፍ እየፈጠነ እሰማ ነበር። ሰይፈ ሥላሴ ብቻ በር ላይ እየቆመ "እትዬ፣ የጎደለ አለ?" ይለኛል። የነፍስ አባታችን አባ መልከ ጼዴቅም መጡ፤ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ከደፍ ውጭ ቆመው ጸሎቱን አድርሰው ሄዱ። ሃብተ ጊዮርጊስ ጸሎቱን አልሰሙትም። ሰው መቅረቱን ግን አዩ።

"ገበያ ነው ዛሬ?" ይሉኛል።

"አዎ፣ ገበያ ነው።"

በማግስቱም ይጠይቁኛል። በማግስቱም ገበያ ነው እላቸዋለሁ።

"ኮሮናው መጣ?"

"ዳባት ደርሷል።"

"ዳባት ከደረሰ ደረሰ። ዳባት እኮ እዚሁ ነው።"

ውጤቱ ግን ቶሎ አልመጣም። ናሙናው ሳይመረመር ቀርቷል ተባለ፤ ሌላ ተወሰደ። ያርጋል በየማታው ይደውላል፤ አያቱ በየቀኑ ድምፃቸው እየሳሳ ሄደ። በመጨረሻው ማታ ስልኩን ራሳቸው በሁለት እጃቸው ያዙት።

"ስማኝ" አሉት። "ቤቱን ስትበይድ አትቸኩል። ጥቂት በይድና ተወው፤ ይብረድ። ከዚያ በወዲያኛው ጎን ጥቂት። ከቸኮልክ ይጣመማል።"

"እሺ አባባ።"

"ያቺ አጥር ደግሞ ትፍረስ።"

"እሺ።"

ማለዳ አረፉ። ከጎናቸው ነበርኩ። ጋቢያቸውን አስተካከልኩ፣ እግራቸውን ገጠምኩ፣ ከዚያ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ፤ ውጭ ወጥቼ ከቆቂት ሥር የወደቀውን ገለባ ጠረግሁ። ከጠረግሁ በኋላ ለያርጋል ደወልኩ።

"አባትህ አረፉ" አልኩት።

የሰው ሳል ከሩቅ ይሰማል፤ የማቆያው አዳራሽ ይሆናል።

"ኮሮናው አልዛገም" አለኝ። "ዘይት እየቀባሁት ነው።"

"ደግ አደረግህ" አልኩት።

ቀብራቸው ላይ እፍኝ ሰው ነበር። ደንቡም ብዙ ሰው አይፈቅድም፣ ፍርሃቱም አለ፤ የትኛው ይበልጥ እንደነበር እኔ አልመዝንም። ድንኳን አልተተከለም። ከመቃብር ስመለስ አመተ ማርያም በራሷ ግቢ ሆና፣ በአጥሩ ላይ ፀጉሯ ብቻ እየታየ፣ ደረቷን እየደቃች ታለቅስ ነበር። "ጋሼ ሃብተ ጊዮርጊስ! ጋሼ የኔ አባት!" ትላለች። ወንበር አውጥቼ በእኔ በኩል ተቀመጥኩ። እሷ በወዲያ አለቀሰች፣ እኔ በወዲህ ሰማኋት። እንባ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልመጣም። ሲመሽ ሁለታችንም ገባን።

ያርጋልን የለቀቁት ከዚያ በኋላ ነው። የለበትም የሚል ወረቀት ሰጡት። በላስቲክ የተጠቀለለውን ብረት ብብቱ ሥር ይዞ ገባ፤ ባዶውን አልጋ አየና ብረቱን እዚያው ላይ አስቀመጠው። ስሜው አቀፍኩት። ሰውነቱ እንደ ጣውላ ነበር። "እራት አለ" አልኩት። በላ። በማግስቱ የሥራ ልብሱን ለብሶ መኪናዋ ሥር ገባ።

ክረምቱ ገባ። ያርጋል ከላይ ላስቲክ ወጥሮ ከሥሩ ይሠራ ነበር። እንደተባለው ጥቂት ይበይድና ይተወዋል። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ብረቱ እስኪበርድ ይጠብቃል፤ እኔም ፈትሌን ይዤ ከጎኑ እቀመጣለሁ። ብረቱ መጀመሪያ ይቀላል፣ ቀጥሎ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ ዝናብ ሲነካው ጭስ ማውጣቱን ይተዋል። ያን ጊዜ ተነሥቶ በወዲያኛው ጎን ጥቂት ይበይዳል። ሰይፈ ሥላሴ ሊረዳው መጣና ሲያየው ቆየ።

"አንተ ልጅ፣ በዚህ አያያዝህ ለልጅ ልጅህ ነው የምትጨርሳት" አለው።

"አልቸኩልም" አለ ያርጋል።

"የሚጠብቅህም የለ" ብሎ ጀመረና ሰይፈ ሥላሴ አፉን ያዘ። "ይቅር በለኝ።"

"እውነት ነው። የለም" አለ ያርጋል፤ ድምፁ አልተለወጠም። መፍቻ አቀብለኝ በሚልበት ድምፅ ነው ያለው።

አንድ ቀን ጠየቅሁት። "ለማን ነው የምትሠራት?"

"ፈታኋት እኮ እምዬ" አለኝ። "ፈትቼ መተው አልችልም።"

ቤቱ ተበይዶ አለቀ። አሮጌዎቹን ቡሎኖች ጥሎ ጠንካሮቹን ከጭነት መኪና አመጣ። ከዚያ ኮሮናውንና ፒኞውን ማገናኘት መጣ፤ ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። ቀይ ቀለም በዘይት አቅጥኖ የኮሮናውን ጥርሶች ይቀባል፣ በእጁ ያዞራቸዋል፤ ቀለሙ የተጠረገበት ቦታ የሚነካኩበት ነው። መሃል ለመሃል ካልሆነ ሁሉንም ይፈታና ከፒኞው ሥር እንደ ወረቀት የሳሳ የብረት ቀለበት ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። እንደገና ይገጥማል፣ እንደገና ይቀባል።

"ዛሬስ?" እለዋለሁ።

"ጫፍ ላይ ነው።"

"ዛሬስ?"

"አለፈ። ሥሩ ላይ ሄደ።"

እንዲህ እየተባባልን ነሐሴ አለቀ። አንድ ቀን እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከሥሯ ወጣ። "መሃል ነው" አለ። ፈገግ ያለ እንደሆነ ብዬ አየሁት። አላለም። ቀዩን ቀለም አጥቦ፣ አዲስ ዘይት ሞልቶ ዘጋው።

መስከረም ላይ መንገዱ ደረቀ። ያርጋል ሞተሩን አስነሣ፤ ዶሮዎቹ ከኋላ ወንበር ተንጫጭተው ወጡ። እኔ ወደ አጥሩ ሄጄ ተጣራሁ።

"አመተ ማርያም!"

ወጣች። ከቀብሩ ወዲህ ፊት ለፊት አልተያየንም ነበር። እኔን አየች፣ የሚጮኸውን ሞተር አየች።

"ትሄዳለች እንዴ?" አለች።

"ትሄዳለች።"

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ሰው አልጠራችም፣ መጥረቢያም አላመጣችም። እንጨቱን አንድ በአንድ እየነቀነቀች መንቀል ጀመረች። ያርጋል ሊያግዛት ሲል "ተወኝ!" አለችው። "ቃሌ ነው። በገዛ እጄ ብያለሁ።" መዳፏ እስኪደማ ነቀለች። መኪና የሚያሳልፍ ስትከፍት ወደ ያርጋል ዞረች።

"ያርጋል፣ እኔ እኮ የመኪና ዕቃ ኮሮና እንደሚባል ማንም አልነገረኝም።"

"አውቃለሁ እትዬ።"

"ስትገባና ስትወጣ እያየሁህ አድገህ፣ እኔው አስያዝኩህ።"

"ያስያዘኝ ስሙ ነው" አለ ያርጋል። "ይራቁ፣ ጭሱ ይመጣብዎታል።" በሩን ከፈተልኝና አያቱ ሊቀመጡበት ከነበረው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከተማውን ስናቋርጥ የበሯን ቁጥር አይተው የለዩን ጎረምሶች "ኮሮና መጣች! ኮሮና መጣች!" እያሉ ሮጡ። ቆቂት የሚል ስሟን ከእኔና ከያርጋል ሌላ የሚያውቅ ጠፍቶ ኖሯል።

ሊማሊሞን ቀስ ብለን ወረድን። ጭጋግ አልነበረም፤ ገደሉ እስከ ታች ይታያል። ያርጋል ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሏል። ከታች፣ ሙቀቱ ከሚጀምርበት ደርሰን ቆምን። ክሪክ አስገብቶ አነሣት፣ በጀርባው ተኝቶ ከሥሯ ገባ፣ ከዲፈረንሻሉ ጥቂት ዘይት በክዳን ቀድቶ ወጣ። በጣቱ አሸው፣ ለፀሐይ አሳየው። የብረት ብናኝ ካለበት ጥርሱ እየተበላ ነው ማለት ነው።

"አለው?" አልኩት።

"ንጹሕ ነው።"

መልሰን ወጣን። አቀበቱ ላይ ሞተሩ አጉረመረመ፤ ወንበሩ ወገቤን ይነዝረው ጀመር። ሃብተ ጊዮርጊስ በዚህ ነበር የሚሰሙት። ያቺ መታጠፊያ የትኛዋ እንደሆነች እሳቸው ብዙ ጊዜ አሳይተውኛል፤ ከላይ የተሰነጠቀ ዐለት አለባት። እየቀረብን ስንሄድ እጄን በሩ ላይ ጫንኩ። ያርጋል ማርሹን አወረደ፣ መሪውን እስከ መጨረሻ ጠመዘዘ። የውጭኛው ጎማ ረጅሙን ሄደ፣ የውስጠኛው አጭሩን። ከኋላ ምንም አልተሰማም። ዐለቱ በጎናችን አለፈ። አንድ ነገር ይሰማኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ልክ በአጥሩ ሥር እንደጠበቅሁት። ዐለቱ አለፈ፣ ሌላ መታጠፊያ መጣ፣ እሱም አለፈ።

አፋፉ ላይ ያርጋል መሃል መንገድ ላይ አቆማት። ስልኩን ከኪሱ አወጣ፣ ሳያይ ነካው፣ ጆሮው ላይ አደረገው።

እቅፌ ውስጥ ስልክ ጠራ።

የሃብተ ጊዮርጊስን ስልክ እኔ ነኝ የምይዘው፤ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ በየማታው ኃይል እሞላዋለሁ። ያርጋል ዞር ብሎ ወደ እኔ አላየም። ከጆሮውም አላወረደውም። ሁለት ጊዜ ጠራ። ከነጠላዬ ጫፍ ፈትቼ አነሣሁት።

"ሃሎ" አልኩ።

"አባባ!" አለ፤ እየጮኸ ነው፣ ለደንቆሮ እንደሚጮኸው። "ወጣች!"

"ወጣች?"

"ወጣች!"

ከኋላችን አንድ የጭነት መኪና ክላክሱን ነፋ። ያርጋል ስልኩን ዘጋና መንገዱን ለቀቀለት።